ከፎቅ ወደ በረት

በሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ከብት ያረባና በበሬ ያረሰ ሰው ሞልቷል። ከብት ያለው ግን የለም። አርክቴክት ራልፍ ራፕሰን የነደፋቸውና እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈቱት የሪቨርሳይድ ፕላዛ ሕንፃዎች ረጅሙ 39 ፎቅ ነው። ከሶማሌ፣ ከኦሮሞና ከአማራ አገር የመጡ ሽማግሎች በአሳንሰር ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል። በዓመት 12 ቀን ግን በረቱ ራሱ ወደ ከተማ ይመጣል።

የሚኒሶታ ስቴት ፌር ከ1885 ጀምሮ ቦታው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መካከል ነው። መጀመሪያ የተካሄደው በ1859፣ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በሆነች በዓመቱ ነበር። ሐሳቡ ምድሩ እህል እንደሚያበቅል፣ ከብት እንደሚያደልብ ለሰፋሪው ማሳየት ነው። ምድሩ የማን እንደነበር ደግሞ ትርኢቱ ሳይካሄድ የቀረበት 1862 ይመሰክራል፤ የእርስ በርስ ጦርነቱና ከዳኮታ ሕዝብ ጋር የተደረገው ጦርነት የተደራረቡበት ዓመት ነው። በ1946 ፖሊዮ፣ በ2020 ኮቪድ አስቀርተውታል። በ2019 ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ገብቶበታል።

የእንጅባራ ተወላጅ የሆኑ አንድ የሰፈሩ አዛውንት በየዓመቱ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ዘፈኑንም፣ በእንጨት ተሰክቶ የሚሸጠውን ጥብስም አልፈው በቀጥታ ወደ ከብቶቹ ነው። መጀመሪያ የገረማቸው የበሬው ሻኛ ማጣት ነበር፤ “ቀንበሩ በምኑ ሊያዝ ነው?” አሉ። የፎር-ኤች ወጣቶች ጊደሮቻቸውን በሻምፑ ያጥባሉ፣ ያበጥራሉ፣ በማድረቂያ ያደርቃሉ። ዳኛው ጀርባና ዳሌ አይቶ ደረጃ ይሰጣል፤ ምክንያቱንም በማይክሮፎን ያስረዳል። አዛውንቱ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ከዳኛው ቀድመው ይፈርዳሉ፤ ብዙ ጊዜም ይገጥማል። ልጁ የአያቱን አዋቂነት ያየው እዚያ ነው። ፎቁ ላይ ደብዳቤ የሚያነብላቸው እሱ ነውና።

ሮዲዮ ግን አልጣማቸውም። ኮርማ ላይ 8 ሰከንድ ለመቆየት መታገል ምን ይሉታል? ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲጋልቡ የሚደነቁት ፈረሱና ሰውየው አብረው ነው። (ፍርዳቸው ትንሽ ያደላል፤ ሮዲዮም ከሜክሲኮ እረኞች የተወረሰ የእረኛ ሙያ ነው።)

የሚከብደው ጨረታው ነው። ያሳደገችውን በግ አንገት አቅፋ የምታለቅስ ልጅ አይተው፣ የልጅ ልጃቸው “ታዲያ ለምን ትሸጠዋለች?” አላቸው። ትርኢቱ የሚያበቃው በሌበር ደይ፣ እንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ሾላ ገበያ በግ በሚሞላበት ሰሞን ነው። አዛውንቱ አውቶብስ እየጠበቁ፣ ልጅ ሳሉ የጠበቁትንና ለእንቁጣጣሽ የታረደባቸውን አንድ ሙክት አጫወቱት። ስሙንም ነገሩት።