ግፊቱ ብቻ አልነበረም

ይህን የምንጽፈው የሕክምና ሙያ ኖሮን አይደለም። ጎረቤታችንን በየቀኑ እያየናቸው ችግራቸውን ሳናይ ብዙ ጊዜ ስለቆየን ነው።

እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። ከደሴ ወጥተን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ መኖር ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። በዋሽንግተን ዙሪያ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በብዙ ሕንፃዎች ከሐበሻው በር ቀጥሎ ያለው በር የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። የኛም ጎረቤት የ71 ዓመት እናት ናቸው። «አቡዌላ» እንላቸዋለን፤ በስፓኒሽ አያት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 በአገራቸው የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ነው ወደዚህ ያመጣቸው። ለብዙ ዓመታት ሌሊት ሌሊት ቢሮ ሲያጸዱ ኖረዋል። በረመዳን እኛ ሾርባና ሳምቡሳ እንልክላቸዋለን። እሳቸው ደግሞ ፑፑሳ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣቸውን ባቄላና አይብ ብቻ ከተው ለብቻ ይጋግሩልናል። የአሳማ ሥጋ እንደማንበላ ከነገርናቸው ወዲህ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ባላቸው ከሞቱ በኋላ ፑፑሳው ቀረ። እኛም ሐዘን ነው፣ ይለፋል ብለን ዝም አልን።

አንዳችን አረጋውያንን በየቤታቸው በመርዳት ሥራ ላይ ስለሆነች የግፊት መለኪያ አላት። አንድ ቀን ብትለካቸው 178 በ96 ሆነ። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ 130 በ80 የደረሰ ሁሉ ከፍተኛ ግፊት ተብሎ ይቆጠራል። መድኃኒታቸውን አምጡ አልናቸው። የሦስት ወሩ ብልቃጥ ከነሙላቱ ነው። እውነቱን ለመናገር እንደ ሕፃን ተቆጣናቸው። የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት የኪኒን ሣጥን ገዝተን ሞላንላቸው። ሐሙስ ስንመለስ የሰኞውም፣ የማክሰኞውም፣ የረቡዑም ተቀምጧል። «ለምን?» ብንላቸው «ፓራ ኬ?» አሉን። «ለምኑ ብዬ?» ማለት ነው።

ያን ጊዜ ነው የረሱ ሳይሆን የመኖር ፍላጎታቸው የደከመ መሆኑ የገባን።

የኔ እናት ቢሆኑ ኖሮ ቶሎ ይገባን ነበር እያልን ተጨነቅን፤ ግን እሱም ያጠራጥራል። የእሳቸው አገር ሰዎች ይህን ሕመም «ኔርቪዮስ» ይሉታል፤ የነርቭ ነገር እንደማለት ነው። የኛ እናቶችም «ልቤን ከበደኝ»፣ «ሰውነቴን ቆረጣጠመኝ» ነው የሚሉት። የመንፈስ ጭንቀት አለብዎት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎ የሚል የለም።

ሌላም ነገር ነበር። ክሊኒክ ሲሄዱ የምታስተረጉምላቸው ሴት ልጃቸው ናት። ሌሊት እንደሚያለቅሱ በልጃቸው አፍ ለሐኪም እንዴት ይንገሩ? «ቢየን» ይላሉ፤ ደህና ነኝ። ልጂቱም ደህና ናት ትላለች። ልጂቱን አንወቅሳትም፤ የተባለችውን ነው ያስተረጎመችው። ክሊኒኩ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ እንዳለበት እኛም አናውቅም ነበር።

ልጃቸው ሥራ ያልቀረችበት ቀን እኛ ወሰድናቸውና አስተርጓሚ ጠየቅን። ነርሷ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ዘጠኝ ጥያቄዎችን አነበበችላቸው። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካም ሲጠየቁ በዝርዝር መለሱ። ዘጠነኛው ሞትን የመመኘት ሐሳብ ነው። እጃቸውን እያዩ «አንዳንድ ቀን» አሉ። የዚያን ዕለት ሐኪሙ ቶሎ አልለቀቃቸውም።

ሐኪሙ እንደገለጸልን ሁለቱ በሽታዎች ይደጋገፋሉ። የተከፋ ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፣ አይንቀሳቀስም፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ይህ ሁሉ ግፊትን ያባብሳል። ለጭንቀት ከሚሰጡት መድኃኒቶችም ግፊት የሚጨምሩ ስላሉ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2011 በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳንዲዬጎ ከ16,000 በላይ ሂስፓኒኮች የተመዘገቡበት ትልቅ ጥናት ነበር፤ በዚያም የጭንቀት ምልክት ከወንዶቹ ይልቅ በሴቶቹ በዝቶ ተገኝቷል። አቡዌላ ብቻቸውን አልነበሩም ማለት ነው።

አሁን ስፓኒሽ ከምትናገር አማካሪ ጋር በየሳምንቱ ይነጋገራሉ። ባለፈው ስንለካቸው 142 በ84 ነበር። ሣጥኑ አንዳንድ ሳምንት ባዶ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ አንድ ሁለት ኪኒን ቀርቶ እናገኛለን። ፑፑሳው ገና አልተጀመረም።

ሐኪሙ ለልጃቸው እንዲነግሯት መክሯቸዋል። እሳቸው ግን «በሥራ የደከመች ናት፣ እንዳትነግሯት» ብለው ለምነውናል። እሑድ ልጂቱ ደረጃው ላይ አግኝታን «እማዬ እንዴት ናት?» አለችን። «ደህና ናቸው» አልናት። ቤት ገብተን ስንጨቃጨቅ አመሸን፤ አንዳችን እንንገራት ትላለች፣ አንዳችን ራሳቸው ይንገሯት ትላለች። እስካሁን አልተስማማንም።