ሄዶ የሚመለስ

የ11 ሰው ስም በወረቀት ላይ መጻፍ ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ልደታ አካባቢ በምትገኘው አጥቢያችን የወጣቶች ኅብረቱን የእግር ኳስ ቡድን ማሠልጠን ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሞላኝ። ደመወዝ የለውም፣ ቢሮም የለውም። ያለን አንድ ፊሽካ፣ ሁለት ኳስና 14 ማሊያ ነው። ታዲያ በየዓመቱ ጳጉሜ ስትመጣ ቢያንስ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ። ጥቅምት ላይ ከሌሎች አጥቢያዎች ወጣቶች ጋር የምናደርገው ውድድር ስለሚጀመር የተሰላፊዎቹ ስም ከዚያ በፊት መለጠፍ አለበት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጳጉሜ የሆነውን ላጫውታችሁ። ኳስ የማትወዱ እህቶችም ገጹን አትግለጡት፤ ጉዳዩ የሁላችንም ቤት ጉዳይ ነው።

ችግሩ ከኋላ ነበር

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስድስት ጨዋታ ተጫውተን 11 ግብ አገባን፤ 14 ገባብን። ስለዚህ ለአዲሱ ዓመት አጥቂ ፍለጋ አልደከምኩም። የሚያስፈልገኝ የኋላ መስመር ነበር።

አጥቂ መምረጥ ቀላል ነው። ግብ ያገባ ልጅ ግቡ ይመሰክርለታል፤ ጓደኞቹም ይሸከሙታል። ተከላካይ ግን ሥራውን በደንብ የሠራ ዕለት የሚታይ ነገር የለም። ምንም ስላልተፈጠረ ማንም አያጨበጭብም። ስሙ የሚነሣው የሳተ ዕለት ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኖ፣ በተጨማሪው ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ። ሉቺያኖ ቫሳሎን፣ ወንድሙን ኢታሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን አባቶቻችን ሲያነሡልን አድገናል። ነገር ግን በዚያ ተጨማሪ ሰዓት አንድም ግብ እንዳይገባ ከኋላ የቆሙትን በስማቸው የሚጠራ ከመካከላችን ስንቱ ነው?

የኋላ መስመር እንዴት ይመረጣል?

አራት ተከላካይ ማለት አራት ጎበዝ ልጆች ማለት አይደለም። ይህን ለመማር እኔ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። በመሃል የሚቆሙት ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። አንደኛው ወደ ኳሱ ይሄዳል፤ በግንባሩ ይገጫል፤ ይጋፈጣል። ሁለተኛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ጓደኛው ቢሳሳት ምን ይሆናል ብሎ ያያል። ሁለቱም ወደ ኳሱ ከሮጡ ከኋላቸው ሜዳው ባዶ ይቀራል። ሁለቱም ከጠበቁ ደግሞ ኳሱን የሚነካው የለም።

ቀጥሎ አፍ ያለው ልጅ ያስፈልጋል። ከኋላ የቆመ ሰው ሜዳውን በሙሉ ያያል፤ ያየውን ካልተናገረ ግን ማየቱ ለማንም አይጠቅምም። አራቱ እኩል መውጣትና እኩል መመለስም አለባቸው። አንዱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ከጨዋታ ውጪ መሆን የነበረበት አጥቂ በእሱ ምክንያት ሕጋዊ ይሆናል። ሦስቱ የደከሙበት በአንዱ መዘናጋት ይፈርሳል።

የኋላ መስመር የስም ጉዳይ እንዳልሆነ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ወንድሞች ታስታውሳላችሁ። የጣሊያኑ ኤሲ ሚላን እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1993/94 በሊጉ 34 ጨዋታ የገባበት 15 ግብ ብቻ ነበር። ነገር ግን ለአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ ፍጻሜ ባርሴሎናን ሊገጥም ግንቦት 10 ቀን 1986 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ሲቆም፣ ሁለቱ የመሃል ተከላካዮቹ ባሬዚና ኮስታኩርታ በቅጣት አልነበሩም። አሠልጣኙ ፋቢዮ ካፔሎ በግራ የሚጫወተውን ማልዲኒን ወደ መሃል አምጥቶ ከፊሊፖ ጋሊ ጋር አጣመረው። በማልዲኒ ቦታ ወጣቱን ፓኑቺን አሰለፈ። ሚላን 4 ለ 0 አሸነፈ። መስመሩን የያዘው የአንዱን ክፍተት ሌላው መሙላቱ ነበር።

የራሳችንም ብሔራዊ ቡድን አስተምሮናል። ከ31 ዓመት በኋላ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበትን ጥር 2005 ዓ.ም. ማን ይረሳል? በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ጥር 13 ቀን፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ልጆቻችን በ10 ሰው የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን 1 ለ 1 ይዘው ወጡ። በሁለተኛው ጨዋታ ደግሞ በቀይ ካርድ በረኛውን ያጣው ቡርኪና ፋሶ ነበር። እነሱ 10 ሆነው፣ እኛ 11 ሆነን፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ግብ ገባብንና 4 ለ 0 ተሸነፍን። ሰው ሲጎድለን ተጠጋግተን ቆምን፤ ሰው ሲተርፈን ግን ከኋላ ተከፈትን። ይህን ለልጆቼ ሁልጊዜ እነግራቸው ነበር። ለራሴ ነግሬው እንደማላውቅ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አንድ ቦታ ቀረኝ

ያን ምሽት በረኛውን፣ ሁለቱን የመሃል ተከላካዮችና የቀኙን ጽፌ ጨረስኩ። የግራው ተመላላሽ ቀረኝ። ኳስ የማትከታተሉ እንድትረዱት፣ ተመላላሽ የሚባለው በሜዳው ዳር የሚሰለፈው ተከላካይ ነው። ወደ ፊት ሄዶ ያጠቃል፤ ኳሱ ሲነጠቅ ሮጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል።

ሁለት ልጆች ነበሩኝ። አንደኛው ፈጣን ነው። ሲሮጥ በሜዳው ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ይጮኻል። ቤተሰቡ ልደታ የድሮው ሰፈር ሲፈርስ ጀሞ ስለገባ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው ልምምድ የሚመጣው። ሁለተኛው ጋራዥ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። ፍጥነት የለውም፤ ነገር ግን ኳስ ስትነጠቅ ዞር ብላችሁ ብታዩ ሁልጊዜ ቦታው ላይ ነው።

ባለቤቴ በረንዳው ላይ ማሊያዎቹን በሳፋ እያጠበች ነበር። የጳጉሜ ጭቃ የገባበት ልብስ እንዴት እንደሚታጠብ እናንተ ታውቃላችሁ። ያን ሳምንት ውኃ ወደ እኛ ፎቅ አልወጣ ብሎ ስለነበር፣ ከታች በጀሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ የተሸከመችውም እሷው ናት።

«ግራ ቸገረኝ፤ ፈጣኑን ላሰልፍ ወይስ ዘገምተኛውን?» አልኳት ከጠረጴዛዬ ሳልነሣ።

«ፈጣኑ ምን ጎደለው?»

«ወደ ፊት ሲሄድ የሚያቆመው የለም። ግን አይመለስም።»

ማሊያውን ጨምቃ አሰጣችው። ከዚያ «እሱን ልጅ አውቀዋለሁ» አለችኝ።

«የት ታውቂዋለሽ? ሜዳ መጥተሽ አታውቂም።»

«አብሬው ነው የምኖረው።»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። እጇን አድርቃ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ያለፈው ሐሙስ ማታ ምን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መካከለኛው ልጃችን በትኩሳት ተቃጥሎ ስትደውልልኝ ስልኬ ዝግ ነበር፤ የጸሎት ስብሰባ እየመራሁ ነበርና። ታናሹን ለጎረቤት ትታ፣ የታመመውን አዝላ፣ በዝናብ ብቻዋን ክሊኒክ ሄዳ ተመለሰች። እኔ ስገባ ልጁ ተኝቶ ነበር። «እንዴት ዋላችሁ?» ብዬ እራቴን በላሁ። መልሷን አልጠበቅሁም።

«አገልግሎትህን ጠልቼ አይደለም» አለችኝ። «ግን ደክሞኛል። አንተ ስትሄድ ይህን ቤት የምጠብቀው ብቻዬን ነኝ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ልጆቹን ይዤ ትንሽ እናቴ ዘንድ ልቆይ ብዬ አስቤያለሁ።»

«እኔ ጌታን ነው የማገለግለው» ልላት አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ሰኞ የጸሎት መሪ፣ ማክሰኞ ልምምድ፣ ረቡዕ ኮሚቴ፣ ሐሙስ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ጨዋታ፣ እሑድ ሙሉ ቀን ቤተ ክርስቲያን መሆኔን በውስጤ ስቆጥር አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሄዶ የማይመለሰው ተመላላሽ እኔ ነበርኩ።

በወንዙ ዳር የቀሩት

ያን ሌሊት አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 30ን ከፍቼ አነበብኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሰብኬበታለሁ። ዳዊት ጺቅላግ ተቃጥላ ሚስቶችና ልጆች ሲማረኩ 600 ሰዎች ይዞ ይከተላል። ቦሦር ወንዝ ሲደርሱ 200ዎቹ ደክመው መሻገር ያቅታቸዋል፤ ከዕቃው ጋር ይቀራሉ። 400ዎቹ ሄደው ድል አድርገው ይመለሳሉ። ከተመለሱት አንዳንዶቹ፣ የቀሩት ከሚስትና ከልጅ በቀር ምርኮ አያገኙም ይላሉ። ዳዊት ግን የተዋጋውና ዕቃ የጠበቀው እኩል እንዲካፈሉ ወሰነ፤ ውሳኔውም ለእስራኤል ሥርዓት ሆነ።

ስሰብክ ሁልጊዜ ራሴን ከ400ዎቹ ጋር ነበር የማቆመው። ባለቤቴ ወንዙ ዳር እንዳለች አላየሁም። ቃሉ ስለእነዚያ 200 ሰዎች የሚናገረው እንደ ደከሙ ነው። እሷም ያለችኝ ያንኑ ነው። በጉባኤ ምስጋናው፣ እጅ መጨባበጡ፣ «ተባረክ ወንድማችን» መባሉ የእኔ ነበር። ለእሷ ያካፈልኳት ምንድን ነው? 14 ማሊያ።

ዝርዝሩ ተለጠፈ

ጋራዥ የሚሠራውን ልጅ በግራ ተመላላሽነት ጻፍኩት። ፈጣኑን ከእሱ ፊት ክንፍ ላይ አደረግሁት። ዝርዝሩን ያየ ዕለት ፈጣኑ ልጅ ሳይሰናበተኝ ሄደ፤ ሁለት ሳምንትም ልምምድ ቀረ። ጀሞ ድረስ ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ አትመለስም ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ሁሉም ሰው ሂድ ሂድ ነው የሚለኝ» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። እኔንም ሰው ሁሉ «ቀጥል፣ አገልግል» ሲለኝ ነው የኖርኩት። ተመለስ ያለችኝ አንዲት ሰው ናት፤ እሷንም ለመስማት ዓመታት ፈጀብኝ። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ መመለስንም ቀስ በቀስ ተማረ።

በዚያ ዓመት በስድስት ጨዋታ የገባብን ሰባት ግብ ነው። ዋንጫ አልወሰድንም፤ በግማሽ ፍጻሜው በመለያ ምት ወጣን።

በቤታችን ደግሞ ከኮሚቴው ወጣሁ። የሐሙሱን ስብሰባ ለሌላ ወንድም አስረከብኩ፤ ከእኔ በተሻለ ይመራዋል። ማሊያውን እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ወስዶ ያጥባል። ውኃ በጠፋ ሳምንት ጀሪካን የምሸከመው እኔ ነኝ። በዓመቱ መጨረሻ የምስጋና እሑድ ባለቤቴን ወደ መድረክ ጠርቼ ላመሰግናት አሰብኩና ነገርኳት። «መድረክ ላይ አታመስግነኝ» አለችኝ፤ «ሐሙስ ማታ ቤት ና።»

እናቷ ዘንድ አልሄደችም። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ዛሬም አንዳንድ ሳምንት ወደ ፊት ሄጄ እቀራለሁ። ያን ጊዜ ብዙ አትናገርም፤ «ተመላላሹ!» ትለኛለች። ይበቃኛል።

ውድ ባለትዳሮች፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፉና እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። በቤታችን የኋላ መስመር ላይ የቆመው ማን ነው? ብቻውን ነው ወይስ አጠገቡ ሰው አለ? ባለፈው ወር «ደክሞኛል» ያለው ማን ነው፣ ምን ብለን መለስንለት? የአጥቢያ መሪዎችም፣ አንድን ወንድም ወይም አንዲትን እህት ለተጨማሪ አገልግሎት ከመምረጣችሁ በፊት በቤት ማን ብቻውን እንደሚቀር ጠይቁ። ወደ ፊት ለመሄድ የሚፈጥን ሰው አይጠፋም። የሚመለሰውንም ፈልጉ።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።