ከሚሴ የምሳ ማረፊያ ብቻ አይደለችም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ከሚሴ ላይ ምሳ በልታችሁ ብቻ አትለፉ። 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ የምትደርሱባት ይህች ከተማ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአካባቢዋ የሚፈሰው የቦርከና ወንዝ ወደ አዋሽ ከማምራቱ በፊት የጨፋን ሜዳ ያረሰርሳል። በበጋ ሌላው ምድር ሲደርቅ የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውንና ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚሰባሰቡት በዚህ ለምለም ሣር ላይ ነው።

ከሜዳው ወጥታችሁ ወደ ተራሮቹ ብታቀኑ ሾንኬ የተባለችውን ጥንታዊ የአርጎባ መንደር ታገኛላችሁ። የድንጋይ ቤቶቿ በኮረብታው አናት ላይ ተደጋግፈው ቆመዋል። ልጆቻችሁ የአባቶቻቸውን የግንባታ ጥበብ በዓይናቸው ያዩበታል። ጉዞው እሑድ ከዋለ ደግሞ ከሚሴ ከመድረሳችሁ በፊት፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ የሰንበቴ ገበያ አለ። የደጋውና የቆላው ሰው በአንድነት ሲገበያይ ትመለከታላችሁ።

ይሁን እንጂ የጨፋ ረግረግ በእርሻ መስፋፋት ሳቢያ እየጠበበ መጥቷል። ግጦሽ ሲጠብ ወተት ይቀንሳል፤ ወተት ሲቀንስ ቀድማ የምትጨነቀው እናት ናት። ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ወንዙ ዳር ስትወርዱ የአገሩን ልምላሜ ብቻ አታሳዩአቸው፤ ያ ውሃ የስንቱን ቤት ጓዳ እንደሚሞላም ንገሯቸው።