ስሙ ቀድሞ የተያዘበት በሽታ

«ደም ብዛት ይዞኛል» ያልኳችሁ ወዳጆቼ፣ አልዋሸኋችሁም። እኔ ያልኩትና እናንተ የሰማችሁት ግን ለየቅል ነው። ጨው ቀንስ አላችሁኝ፣ ቀነስኩ። ነጭ ሽንኩርት በማር ላካችሁልኝ፣ በላሁ። አንዱ ጓደኛዬማ ከአርባ ምንጭ ሽፈራው በማዳበሪያ ሞልቶ አስጫነልኝ፤ እግዜር ይስጠውና ግማሹ ዛሬም ኩሽናችን ጥግ ተቀምጧል።

የእኔ ግፊት አይደለም። የእኔ ደም በቁሙ፣ በቁጥር፣ ከሚገባው በላይ በዝቷል። አማርኛችን ደም ሲያንስ «ደም ማነስ» ይላል፤ ሐኪሙም ሕዝቡም ይግባባበታል። ሲበዛ የሚባለውን ቃል ግን አስቀድሞ ለግፊት ሰጥቶታል። የእኔ በሽታ ሲመጣ ስሙ ተይዞ ጠበቀው።

የሐኪም ስሙ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ነው። ከደም ካንሰሮች አንዱ፣ ብርቅ ከሆኑትና ቀስ ብለው ከሚሄዱት ወገን። ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ አንሪ ቫኬ እ.ኤ.አ. በ1892 መጀመሪያ ጻፈበት። በደህናው ጊዜ መቅኔ ደም የሚሠራው፣ ኩላሊት «ኦክስጅን አንሷል፣ ቀይ ደም ይጨመር» ብሎ ትእዛዝ ሲልክ ነው፤ በዚህ በሽታ ግን ትእዛዙ ሳይመጣም የመጣ ይመስለዋል። ምክንያቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ጃክ ቱ የሚባለው ዘረ መል ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪ አንዲት ፊደል ስለገደፈ ነጥብ ቀንሼ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ሻወር ቤት ነው። ታጥቤ ስወጣ ሺህ ጉንዳን ገላዬን ይወረዋል። ሽፍታ የለ፣ እብጠት የለ፤ ማሳከክ ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት የሚያስጨፍር። የገላ ሳሙና ቀየርን፣ የልብስ ሳሙና ቀየርን። አክስቴ ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ ሲወርድብኝ ሰውነቴ ነደደ፤ ራሴን እየቧጨርኩ ጮኽኩ፤ በዙሪያዬ የነበሩት «ተናገረ!» ብለው እልል አሉ። አክስቴ ሰይጣኑ ስሙን እስኪናገር ጠበቀች። ስሙን ቢያውቀውማ እኔም ደስ ባለኝ። ጠበሉን አላማም፤ ከታጠቡ በኋላ ማሳከክ የታወቀ የበሽታው ጠባይ ነው፣ የቧንቧ ውሃም ያው ነው።

ከዚያ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ስሙ ይቆየን። ባለሙያው የደም ውጤቴን አየና «የት ነው የተወለድከው?» አለኝ። ሀገረ ሰላም አልኩት። «በቃ! ደገኛ ደሙ ወፍራም ነው» ብሎ ሸኘኝ። በዚያች ቃል ዓመት ከመንፈቅ ኖርኩ፤ ራስ ምታቱን፣ የፊቴን መቅላት፣ የእግር ጣቶቼን ማቃጠል ሁሉ ለሀገረ ሰላም ብርድ እየሰጠሁ። በኋላ ላይ ሳነብ ነው የተናደድኩት። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ 3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ደም ለክተው ነበር። ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኘ። በአንዲስ ተራሮች የሚኖረው ሰው በዚያ ከፍታ ደሙ ይወፍራል፤ የእኛዎቹ አልወፈረም። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት የኖርኩት ሐዋሳ ነው፣ 1700 ሜትር ገደማ፣ ሐይቅ ዳር።

አዲስ አበባ ሄጄ የደም ስፔሻሊስት ሲያየኝ ሄማቶክሪቴ 59 ነበር። ይህ ቁጥር ከመቶ እጅ ደምህ ስንቱ ቀይ ሴል እንደሆነ የሚናገር ነው። ከ45 በታች መውረድ አለበት። ለምን 45? ጣሊያን ውስጥ በ365 ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አለ፤ ከ45 እስከ 50 የተተዉት ሰዎች በልብና በደም ሥር ምክንያት መሞትና ከባድ የደም መርጋት ያገኛቸው፣ ከ45 በታች ከተያዙት አራት እጥፍ ገደማ ነበር። በሽታው ቀርፋፋ ነው ብያለሁ፤ የደም መርጋት ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

የመጀመሪያው ሕክምና ደም መቅዳት ነው። እማዬ ስትሰማ «ያው ዋግምት አይደል?» አለች፣ እፎይ ብላ። እውነቷን ነው። በቀንድ ይሳብ በነበረበት ዘመን ብወለድ ኖሮ ባለዋግምቷ ሳታውቀው ዕድሜ ትጨምርልኝ ነበር። ያን ቀን ከክንዴ 450 ሚሊ ሊትር ተቀዳ። ከረጢቱ ሞልቶ ጥቁር ቀይ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ኮሪደር ላይ ሚስቱ ወልዳ ደም የፈሰሳት ሰው ለጋሽ ይፈልግ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሎ አየኝ። ገባና ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ደም የሚሰጧቸው ሰው ምንዎት ናቸው? ደምዎት ምን ዓይነት ነው?» አለኝ። ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። ሚስቱም ኦ ፖዘቲቭ ናት። ነርሷ «የእሳቸው ለሰው አይሆንም፣ ይወገዳል» አለችው። ሰውየው ከረጢቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ወጣ። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ደም መቅዳቱ ብቻውን አልበቃም። የሚዋጠው ካፕሱል፣ ሃይድሮክሲዩሪያ፣ ለብዙ ሰው ይስማማል፤ የእኔን አፍ ግን አቆሰለው፣ ሽሮ መብላት እንኳ ከለከለኝ። እንግዲህ መርፌው የመጣው ያኔ ነው።

ኢንተርፌሮን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ያገኙት፣ ሰውነት ራሱ ቫይረስ ሲገባበት የሚያመርተው ነገር ነው። በኋላ ቶሎ ከሰውነት እንዳይወጣ ጅራት የመሰለ ሞለኪውል ቀጠሉለትና በሳምንት አንዴ የሚወጋ ሆነ። ዓለም በብዛት የተጠቀመበት ለጉበት ቫይረስ ነው። ለእኔ ዓይነቱ በሽታ ተብሎ የተሠራው አዲሱ ወንድሙ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋው፣ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019፣ አሜሪካ በ2021 ተፈቅዷል፤ ዋጋውን የሰማሁ ቀን ሁለተኛ አልጠየቅኩም። እኔ የምወጋው የድሮውን ነው። እህቴ ማዘዣውን ከፓስፖርቷ ጋር ይዛ ከውጭ ታመጣልኛለች።

መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ መሞቅም መቀዝቀዝም፣ በረዶ መሆንማ ጭራሽ አይችልም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሞጆን አልፈህ መቂና ዝዋይ ስትደርስ መኪናው ምጣድ ይሆናል። የመጀመሪያውን ያመጣሁት በቡና ፔርሙስ ነው። ታች በረዶ፣ በላዩ የተጠቀለለ ፎጣ፣ በፎጣው ላይ መርፌው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሻሸመኔ ስንደርስ አላስቻላቸውም፤ «ልጄ፣ ከዚያች ቡና አትቀዳልኝም?» አሉኝ።

መውጋቱን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፤ አሥራ አራት ዓመት ኢንሱሊን የተወጉ ሰው። እኔ የወረቀቱን መመሪያ ሳነብላቸው «ወረቀቱን ተወውና ሆድህን ቆንጥጥ» አሉኝ። ከፍሪጅ አውጥቼ መዳፌ መሃል አንከባልለዋለሁ፣ ብርዱ እስኪለቀው፤ አይናጥም። ውስጡ ያለው 180 ማይክሮግራም ነው፣ የታዘዘልኝ 90። ስለዚህ 90 የሚለው መስመር ላይ እስኪደርስ ግማሹን ሶፍት ላይ እገፋዋለሁ። ከሁሉ የሚያመኝ ይህ ነው። መርፌው ትንኝ ከመንከስ አይብስም፤ ያቺ ሶፍት ላይ የምትረጥበዋ ጠብታ ግን የእህቴ የትርፍ ሰዓት ሥራ ናት።

የተወጋሁት ዓርብ ማታ ነበር። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ላብ። ሐዋሳ ላይ እንዲህ ከሆንክ ሌላ ስም የለውም፣ ወባ ነው። ባለቤቴ ሲነጋ ልታስመረምረኝ ነጠላዋን አንስታ ጠበቀችኝ። እማዬ በበኩሏ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ስትጨምቅ አደረች። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ መድኃኒቱ ሰውነትን ቫይረስ የገባበት ያስመስለዋል። አሁን ፓራሲታሞል ውጬ እተኛለሁ፤ ቅዳሜ ለቤታችን የወባ ቀን ነው፣ ልጆቹም ያውቃሉ።

ያልነገረኝ፣ ወይም ነግሮኝ ያልሰማሁት፣ ሌላው ነው። በሦስተኛው ወር ምንም ነገር ደስ አላለኝም። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ይዤ ቆምኩና የማስተምረው ጠፋኝ፤ ተማሪዎቹ ዝም ብለው አዩኝ። ኢንተርፌሮን ስሜትን ያጨልማል፤ ታይሮይድና ጉበትም በየጊዜው መታየት አለባቸው። ለባለቤቴ የተናገርኩት ለሐኪሙ ከነገርኩት በኋላ ነው። መጠኑን ለጥቂት ጊዜ ዝቅ አደረጉልኝና ተመለስኩ። ይህን የምጽፈው ለሚወጋ ሰው ነው፤ «ጸሎት ላይ ደከምክ» ቢሏችሁም ለሐኪም ንገሩ።

የዚህ በሽታ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሌላው የደም ካንሰር፣ ሲኤምኤል፣ የሚዋጥ ክኒን አለው፤ ጥቁር አንበሳ ውስጥ በእርዳታ የመጣውን ወስደው ልጅ ያሳደጉ ሰዎች አሉ። ቀንቼባቸዋለሁ፤ ካንሰር በካንሰር ይቀናል።

መብራት ሲሄድ መርፌዎቼ በባጃጅ ይጓዛሉ፣ ጀነሬተር ወዳለው ሆቴል፣ የድሮ ተማሪዬ ወጥ ቤት ወደሚሠራበት። «ቲቸር፣ ቢራው መሃል አስቀምጬልዎታለሁ፤ ወደ ኋላ ከተገፋ ይበርዳል» ይለኛል። ከሐኪሞቹ ቀጥሎ የሙቀቱን ነገር እንደሱ የሚጠነቀቅልኝ የለም።

ዘጠነኛው ወር ላይ ደም መቀዳት አቆምኩ።

የበሽታዬን ስም ያወጣችው በመጨረሻ እማዬ ናት። የሐይቁ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ውሃው ወጥቶ ሰፈር ሲገባ አይታለች። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ ያንተም ደም እንደዚያው ነው፣ «የደም ሙላት» በለው አለችኝ። ካንሰር የሚለውን አፏ አይደፍረውም፣ እኔም አላስገድዳትም። ባለፈው ዓርብ ውጤት ወስጄ ስወጣ ደወለች።

«ሙላቱ ስንት ደረሰ?»

«44።»

«ከግድቡ በታች ነዋ! በል ና፣ ሳትወጋ በፊት ትበላለህ፤ አሳ ጠብሻለሁ።»