ግድግዳው የማን ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፖለቲካም ስለ ምንዛሪም አይደለም፤ ስለ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ መኝታ ክፍል ነው። «ይኼ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?» የምትሉ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። እኔም አምና በሐምሌ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ አንድ መኝታውን ቤት ለቀን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ እስክንገባ ድረስ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር።

እስከዚያ ድረስ ልጃችን የሚተኛው ከእኛው ጋር፣ ከአልጋችን ጎን በምትዘረጋ ፍራሽ ላይ ነበር። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው ዓይናቸውን ያፈጡብኛል። በእኛ አገር ግን ታውቁታላችሁ፤ ለብቻው ክፍል የሚሰጠው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሕመምተኛ። እኔ ራሴ ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ ከሁለት ወንድሞቼ ጋር በአንድ አልጋ ራስና እግር እየሆንን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ልጆች ሆነን ያለችን ብርድ ልብስ አንዲት ነበረች። የመሀሉ ይሞቀዋል፣ የዳሩ ይጎትታል። እኔ በግድግዳው በኩል ነበርኩ።

ግድግዳው ጭቃ ነው። እናቴ ለእንቁጣጣሽ በየዓመቱ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ትለጥፍበታለች፤ አፈሩ እንዳይራገፍብን፣ ነፋሱም በስንጥቁ እንዳይገባ። ጋዜጣው አዲስ ዘመን ነው፤ ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣው ሳይቀር ይለጠፋል። ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ግድግዳ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በትክክል ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል «ማስታወቂያ» የሚል ነበር። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች አንዱን ገጽ ገልብጣ ለጥፋው ኖሯል፤ እሱን ለማንበብ ከአልጋው ጫፍ ራሴን ቁልቁል አንጠለጥል ነበር። ወንድሞቼ «ይኼ ልጅ ለየለት» ይሉ ነበር።

እንግዲህ ልጄ የራሱ ክፍል ሲኖረው በልቤ የመጣው ይኸው ነው። ልጅ እንቅልፍ እስኪወስደው የሚያየው ግድግዳ አስተማሪው ነው። ቀኑን ትምህርት ቤት ይወስደዋል፤ የተረፈውን ስልክና ቴሌቪዥን ይወስዱታል። አማርኛው በየወሩ እየሸሸ ነው፤ «አባ፣ ውሃ ጠማኝ» ይለኝ የነበረው ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ወዲህ በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። ግድግዳውን ግን እኔ እይዘዋለሁ አልኩ።

ያዝኩትም። የሁለት ቅዳሜ የትርፍ ሰዓት ገንዘቤን ይዤ ወጣሁ። በአንደኛው ግድግዳ ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ፤ ከጎኑ የፊደል ገበታ፣ ከሀ እስከ ፐ ሠላሳ ሦስቱ ከነሰባት ቤታቸው፣ 231 ፊደል። በሌላው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ፤ ከሱ አጠገብ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን ለጥቂት ሲቀድም። ከአልጋው ራስጌ በላይ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ በመስታወት ተከቦ። ከበሩ ትይዩ የዐድዋ ሥዕል፣ ከሥሩ አንድ ወዳጄ አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ ያመጣልኝ የቆዳ ጋሻ ከሁለት ጦር ጋር። (ጦሩ ደንዝዟል፣ አትስጉ።)

ከሁሉ የኮራሁት ግን በጣሪያው ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በመላእክት ፊት የተሞላ ነው፤ ክንፍና ፊት ብቻ፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ከመቶ በላይ። ስሙ ከትውልድ ከተማዬ ጋር መመሳሰሉ ነው መሰለኝ ልቤን የሳበው፤ የዚያን ጣሪያ ትልቅ ፎቶግራፍ አሳትሜ ልክ እንደ ጎንደሩ ከልጁ አልጋ በላይ ጣሪያው ላይ ለጠፍኩት። ተንጋልሎ ሲተኛ ፊት ለፊት ያያቸዋል።

ቤታችንን ሊመርቁ የመጡት ሁሉ አደነቁ። «ልጅ እንዲህ ነው እንጂ የሚያድገው!» አሉኝ አንድ አዛውንት፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ዙሪያውን አየና «ጥሩ ነው አባ» አለኝ። ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው ብዬ አለፍኩት።

በመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ትራሱን ታቅፎ እኛ ጋ መጣ። በሁለተኛውም መጣ። በሦስተኛውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። እኔ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ መሀል ከተማ ካለው የመኪና ማቆሚያ ሥራዬ መድረስ ያለብኝ ሰው ነኝ፤ እንቅልፍ ሲጎድልብኝ ደግሞ ክፉ ነኝ። «ወንድ ልጅ አይፈራም» አልኩት። «ይኸን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ» አልኩት፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሰባት ዓመት ልጅ የሚነገር ይመስል። አንድ ሌሊትማ ተሸክሜ መለስኩት፣ በሩን ዘጋሁና እጀታውን ከውጭ ይዤ ቆምኩ። ከውስጥ ሲጎትት በእጄ ይሰማኛል። ጥቂት ጎትቶ አቆመ። አላለቀሰም፤ አለማልቀሱን እንደ ድል ቆጠርኩት። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

አሁንም ባይገባኝ ኖሮ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር። በአንድ ቅዳሜ ከክፍሉ አንድ ልጅ ሊጫወት መጣ። ጭማቂ ይዤላቸው ስመጣ እንግዳው ልጅ በሩን ከፍቶ ዙሪያውን እያየ «ያንተ ክፍል ነው?» ሲለው ሰማሁ። የእኔው ልጅ ምንም ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ ሰው ሰዓት ተጠይቆ እንደሚመልሰው፣ «የአባቴ ነው፤ እኔ እዚህ እተኛለሁ» አለው።

ጭማቂውን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።

የዚያን ዕለት ሌሊት እንደ ልማዱ ሲመጣ ዝም ብዬ ቦታዬን ለቀቅሁለትና ሄጄ በሱ አልጋ ተኛሁ። መብራቱን አጠፋሁ። ከመንገዱ መብራት በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ጋሻውን በግድግዳው ላይ የሰው ራስ አሳከለው፤ ጦሮቹም ሁለት እጅ ሆኑ። ቀና ስል ከመቶ በላይ ጥንድ ዓይን ቁልቁል ያየኛል። ጎንደር ላይ ቀን በካህን ታጅበው ሲያዩአቸው ሌላ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ተነሥቼ መብራት አበራሁ።

መብራቱ በርቶ ሳለ ሌላም ነገር ታየኝ። ሁሉን ነገር የሰቀልኩት በእኔ ቁመት ነው። ፊደሉ ከትራሱ ላይ ሆኖ አይነበብም፤ ልጁ ቆሞ ቢያነብ እንኳ በዓይኑ ትክክል የሚያገኘው የመጨረሻዎቹን ፈ እና ፐ ብቻ ነው። እናቴ የለጠፈችው ጋዜጣ ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር ነበር የሚርቀው።

ሌላው የታየኝ አደጋው ነው፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ እጠየቅበታለሁ። ከልጁ ራስ በላይ በአንዲት ሚስማር የተንጠለጠለ መስታወት! መስታወትና ከባድ ነገር ከአልጋ በላይ አይሰቀልም። የልብስ መሳቢያውም ግድግዳው ላይ አልታሰረም ነበር። ልጆች መሳቢያ ከፍተው እንደ ደረጃ ይወጡበታል፤ ያኔ ዕቃው በላያቸው ይወድቃል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ የሚሠሩት መሳቢያዎች እንዳይወድቁ የሚፈተኑበት ሕግ ወጥቷል፤ የእኛ ግን እንደ ብዙዎቻችሁ ሁሉ ከሰው የተገዛ አሮጌ ነው። ማሰሪያው ጥቂት ዶላር ነው፤ ዛሬውኑ ግዙ። የመስኮት መጋረጃ ገመድም ከልጅ እጅ ይራቅ፣ አልጋም ከሥሩ አይሁን። ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ አሮጌውን ቀለም ራሳችሁ አትፋቁ፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ተደራራቢ አልጋ የምትገዙም ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከላይ አይተኛ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በማግሥቱ ልጁን አስቀምጬ «ክፍልህ ምን ቢኖረው ደስ ይልሃል?» አልኩት። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄው አላውቅም፤ ግራ ተጋባ። መልሱን ለማምጣት አንድ ሳምንት ፈጀበት። መላእክቱ ይውረዱ፤ ራሱ ሊያበራው የሚችል ትንሽ መብራት ይኑር፤ አንድ ግድግዳ ቢጫ ይሁን፤ መደበቂያ ይኑረኝ፤ በአልጋው በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ ባዶ ይሁን አለኝ። «ባዶ? ምን ሊሆንህ?» አልኩት። «ገና አላወቅሁም» አለኝ።

ሥዕሎቹን ሳወርድ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሆዴ ባባ። ካርታውን ስጠቀልለው አገሬን የምጠቀልል መሰለኝ። ምን ያደርጋል፣ ናፍቆቱ የእኔ ነው። መላእክቱ ወደ ሳሎን ተዛወሩ፤ እዚያ ማንም አይተኛም። ጋሻው ቁም ሣጥን ገባ። ኃይሌንም ሳወርድ ልጁ ምንም አላለም፤ አበበ ቢቂላ ላይ ስደርስ ግን «እሱ ይቆይ» አለ። «ለምን?» ብለው «ጫማውን ማን ወሰደበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካስ በዚያ ሁሉ ሌሊት ያሳሰበው ይኸው ነበር! ጫማ ስላልተስማማው ነው ብዬ ታሪኩን ነገርኩት፤ በአራት ዓመቱ ደግሞ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸነፈ ስለው ተነፈሰ።

ለቀለሙ አከራዩን በጽሑፍ ጠየቅን፤ ስትለቁ ወደ ነጭ መልሱት ብሎ ፈቀደ። (በቃል አትስማሙ። ገብታችሁ ሳለ ፎቶግራፍም አንሡ፤ የመያዣ ገንዘብ ክርክር ብዙዎቻችንን አቃጥሏል።) ሽታው ቀላል የሆነ፣ በጨርቅ ቢታጠብ የማይለቅ ቀለም ገዛን፤ አንድ ጋሎን ለአንድ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ተረፈ። ለመጫወቻዎቹ መሶብ ላመጣ ስል ባለቤቴ «የእህል ቤት መጫወቻ ሊገባበት?» ብላ ተቆጣች፤ በእንቅብ ታረቅን። መደበቂያውን ራሱ ሠራው፤ አያቱ የላከችለትን ጋቢ ከአልጋው እስከ ወንበሩ ወጠረና ድንኳን አደረገው። ያን ጋቢ እኔ ለበዓል ብቻ ብዬ አጣጥፌ ያስቀመጥኩት ነበር።

አንድ ማታ እዚያ ድንኳን ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጬ የደብረ ብርሃኑን የጋዜጣ ግድግዳ አጫወትኩት። የተገለበጠው ገጽ ላይ ስደርስ ሳቁ አላቆም አለው። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ከሶፋው አጠገብ የተከመሩትን የቆዩ የዚህን መጽሔት ቅጾች ተሸክሞ ባዶው ግድግዳ ሥር ቆሞ አገኘሁት። የመጽሔቱ አዘጋጆች ይቅር ይበሉኝ።

ግድግዳው የሰው ስለሆነ የማቀዝቀዣ ካርቶን ዘርግተን በሚነሣ ማጣበቂያ አያያዝነው፤ ገጾቹ የተለጠፉት በካርቶኑ ላይ ነው። ሙጫውን አንድ ስኒ ዱቄት በውሃ በጥብጠን እሳት ላይ አበሰልነው፤ ያማሰለው እሱ ነው። የሚለጠፈውንም የመረጠው እሱ ነው፣ እጁ እስከሚደርስበት። እኔ የታሪክ ዐምዱን እያቀረብኩለት እሱ የምግብ ቤት፣ የዕቃ ላኪና የታክስ አዘጋጅ ማስታወቂያ እየቀደደ ይለጥፋል። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል አልፎ አንድ ማታ ከክፍሉ ጠራኝ። በጎኑ ተኝቶ ጣቱን ግድግዳው ላይ አድርጓል። «ት... ኩ... ስ» አለ። «ትኩስ ምን?» አልኩት፣ ትንፋሼን ይዤ። «ሥ... ጋ።» የሥጋ ቤት ማስታወቂያ ነው! ወዲያው ደግሞ «አባ፣ ለምን ሁለት ዓይነት ሰ አለ?» ብሎ በአማርኛ ጠየቀኝ። ይኸንንስ የቋንቋ ሊቃውንትም ሲከራከሩበት ኖረዋልና፣ ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ወጣሁ።

አሁንም አንዳንድ ሌሊት ትራሱን ታቅፎ ይመጣል። ፍራሿን አልጣልናትም፣ ከአልጋችን ሥር ናት። ከለጠፋቸው ገጾች መካከል አንዱ ተገልብጧል፤ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልጠየቅሁትም። ባለፈው እሑድ ላቃናው ብዬ ጫፉን ስይዝ «ተወው አባ» አለኝና ከአልጋው ጠርዝ ራሱን ቁልቁል አንጠለጠለ።