ታርጋው የማን አንደበት ነው?

እኛ አገር ታርጋ ብዙ አያወራም። ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የቤት መኪና፣ ኮድ 3 የንግድ እያልን ነው ያደግነው። ወሬው ያለው የኋላ መስታወት ላይ ነው፤ አንዱ ሚኒባስ «ማሻአላህ» ብሎ ያልፋል፣ ከኋላው ያለው ባጃጅ የማርያምን ስዕል ለጥፏል፣ ሦስተኛው የአርሴናልን አርማ።

አሜሪካ ግን ሰው ከፍሎ ታርጋው ላይ የፈለገውን ቃል ያስጽፋል፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ እስከ 7 ፊደልና ቁጥር ትፈቅዳለች። ጣጣው «የፈለገውን» የሚለው ላይ ነው። ስድብና ብልግና መከልከሉን ማናችንም አንጠላም። ቨርሞንት የምትባለው ግዛት ግን ከዚያ አልፋ ሃይማኖታዊ መልእክትንም ከለከለች። በ2004 አንድ ክርስቲያን ሰውዬ የዮሐንስ ወንጌል 3፥16ን የሚያመለክት ታርጋ ቢጠይቅ ተከለከለ። የሚገርመው፣ እነዚያኑ ፊደላትና ቁጥሮች ይዞ ማመልከቻው ላይ «ትርጉሙ ስሜና ዕድሜዬ ነው» ብሎ ቢጽፍ ያልፍለት ነበር! የተከለከለው ቃሉ ሳይሆን ሰውየው በልቡ የያዘው ነገር ነው ማለት ነው።

ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2010 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለሰውየው ፈረደለት። ሌላው ሰው ስለ ራሱና ስለሚወደው ነገር እንዲናገር ከተፈቀደ፣ በእምነቱ ዓይን የሚናገረውን ብቻ ነጥሎ ዝም ማሰኘት አይቻልም አለ።

«ጥቅሱ የኛ አይደል፣ ምን አገባን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ለዚያ ሰውዬ የተከፈተው በር ግን ነገ «ቢስሚላህ» ብላ ለምታመለክት እህታችንም የተከፈተ ነው። (የአላህን ስም ጭቃ የሚረጭበት ቦታ ላይ ማስጻፉን እኛ ባንመርጠውም። እሱ ግን የአደብ ጉዳይ ነው፣ የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሥራ አይደለም።)

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2015 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ቴክሳስ የባሪያ አሳዳሪዎቹን የደቡብ ጦር ባንዲራ የያዘ ታርጋ አላወጣም ማለቷን 5 ለ 4 አጸደቀ። ባንዲራው በመከልከሉ ማን ያዝናል? ምክንያቱ ነው የሚያሳስበው፦ የታርጋ ንድፍ የመንግሥት ንግግር ነው ተባለ። በዚያው ዓመት የኢንዲያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ ሰው ራሱ መርጦ ወደሚያስጽፋቸው ፊደላት ወሰደው። እንግዲህ አንዱ መኪና ላይ «ቢስሚላህ» ቢጻፍ ቢስሚላህ ያለው መንግሥት ነው? መንገድ ላይ የሚያየው ሰው እንዲህ ብሎ አያስብም። በ2020 ካሊፎርኒያ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤትም ቃሉ የባለመኪናው ነው ብሎ ተቃራኒውን ወሰነ። እና እዚያ ያለ ወንድማችን ታርጋው ላይ ምን ማስጻፍ እንደሚችል ለማወቅ መጀመሪያ የሚኖርበትን ግዛት መጠየቅ አለበት።