ሐረገ ትውልድ የማይቆጠርለት ፍጥረት

በወላይታ አገር ወጣት ለጋብቻ በታጨ ጊዜ ከመልኩና ከሀብቱ አስቀድሞ የሚመረመረው ጎሳው ነው፤ ማላና ዶጋላ ከተባሉት ሁለት ዐበይት ክፍሎች በየትኛው ሥር ካለ ጎሳ እንደ ተወለደ ታውቆ፣ የልጅቱም ጎሳ ከእርሱ የተለየ መሆኑ ሳይረጋገጥ ሽማግሌ ለምርቃት አይነሣም። እኔም በዳሞታ ግርጌ በሶዶ ከተማ እንዲህ ባለ ጉባኤ ተቀምጬ አረጋውያኑ የአባቶቻቸውን ስም ያለ አንዳች መሰናክል እስከ ሰባት ሲያወርዱት በሰማሁ ቁጥር፣ በዚህ ምርመራ ፊት ቢቀርብ መርማሪዎቹን አፍ የሚያስይዛቸው አንድ ረቂቅ ፍጥረት ትዝ ይለኛል።

ይህ ፍጥረት ባክቴሪያን የሚያጠቃው ቫይረስ፣ በሊቃውንቱ አጠራር ባክቴሪዮፋጅ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ትዎርት እ.ኤ.አ. በ1915፣ ፌሊክስ ዴሬልም በፓሪስ በ1917 መኖሩን ካስታወቁ በኋላ ብዙ ዘመን የታሰበው፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወርድ፣ ሠርግና ሽምግልና የማያውቅ መናኝ እንደ ሆነ ነበር፤ ዘረ መሉን በባክቴሪያው ውስጥ አስርጎ፣ ቅርፊቱን በደጅ ትቶ፣ በባለቤቱ ስንቅ ራሱን አባዝቶ፣ በመጨረሻም ቤቱን አፍርሶ ይወጣልና።

ምናኔው ሐሰት መሆኑ የተገለጠው በ1946 በአሜሪካ፣ በኮልድ ስፕሪንግ ሀርበር ጉባኤ ነው። ማክስ ዴልብሩክና አልፍሬድ ሄርሺ በየፊናቸው፣ ሁለት ልዩ ልዩ ቫይረሶች በአንድ ባክቴሪያ ቤት ባንድ ጊዜ ቢገናኙ ወላጆቻቸውን የማይመስሉ ልጆች እንደሚወጡ ተናገሩ፤ ዴልብሩክስ ከጥንቃቄው ብዛት የተነሣ ጋብቻ ለማለት አልደፈረም፣ አንዱ ሌላውን ለለውጥ እንደ ቀሰቀሰው ጻፈ እንጂ። ሄርሺ ከራኬል ሮትማን ጋር ነገሩን ሲያጠራው ግን ምስክሩ በዓይን የሚታይ ሆነ። ባክቴሪያ በሸፈነው ሳህን ላይ ቫይረሱ የበላው ቦታ ክብ ሆኖ ይታያል፤ የአንዱ ነገድ ክብ ትንሽና ጠርዙ የደበዘዘ፣ የሌላው ሰፊና ጠርዙ የተሳለ ነው፤ ደግሞም ለሌሎች እምቢ ያለውን የባክቴሪያ ወገን የሚደፍረው ቫይረስ ክቡ ጥርት ያለ፣ የማይደፍረው ግን የደፈረሰ ይሆናል። ሰፊውን ከደፋሩ ጋር ባገናኟቸው ጊዜ ከሁለቱ ወላጆች ሌላ ሁለቱንም ጠባይ የወረሰና ሁለቱንም ያጣ ልጅ ተገኝቶ፣ በአንድ ሳህን አራት ዓይነት ክብ ተቆጠረ።

በ1961 ማቲው ሜሰልሰንና ዣን ዌግል በከባድ ካርቦንና ናይትሮጅን ያሳደጉትን ላምዳ የተባለ ፋጅ ከቀላሉ ጋር አዳቅለው፣ የወላጆቹ ዲ ኤን ኤ ራሱ ተቈርጦ ከሌላው ቍራጭ ጋር እንደሚጋጠም አሳዩ፤ ከሁለት የዳዊት መጻሕፍት ጥራዝ እያቀያየረ የሚሰፋ ደጓሽ የሚያወጣው መጽሐፍ መዝሙሩ እንደማይጎድል፣ የጸሐፊው እጅ ግን በመካከሉ እንደሚለወጥ ማለት ነው። ስለዚህ የአንዱ ፋጅ ራስ ከአንድ ነገድ፣ ጭራው ከሌላ ነገድ ሆኖ ይገኛል። ላምዳ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ባክቴሪያውን ሳይገድል በዘረ መሉ መካከል ገብቶ ያድራል፤ ሲወጣም አልፎ አልፎ የባለቤቱን ንብረት ይዞ ይሄዳል።

በደጃችን ያለው እንሰት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ገበሬው አሚቾውን እምብርቱን ቦርቡሮ ይቀብረዋል፤ ከዚያ የሚፈልቀው ችግኝ ሁሉ ከእናቱ ጋር አንድ ነው፣ ማዝያ የተባለው የእንሰት ዓይነት ከተተከለም ማዝያ ሆኖ ይኖራል። ይሁን እንጂ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 መንሥኤውን የገለጡት የአጠውልግ በሽታ ባክቴሪያ ባልጸዳ ቢላ ከተክል ወደ ተክል በተሻገረ ጊዜ የዘር ንጽሕና ለብቻው ማሳውን አያድነውም፤ ማዝያ በሽታውን በመቋቋም ቢመሰገንም ገበሬው በእርሱ ብቻ ሳይተማመን ብዙ ስም ያላቸውን እንሰቶች ጎን ለጎን ይተክላል።

እንግዲህ ከሌላ ጎሳ አግቡ ያሉት አባቶች ትእዛዛቸው የጥበብ ነው፤ የሚያስፈግገኝ፣ መቀላቀልን አዝዘው ሲያበቁ በቆጠራ ጊዜ አባትን ብቻ መቁጠራቸው ነው። ሰባት ቤት የቆጠረን ሰው፣ በሰባተኛው ትውልድ ላይ ብቻ ሒሳቡ 128 ወላጆች ይጠይቀዋል፤ እርሱ ግን የአንዱን ስም ይዞ፣ የ127ቱን ደጅ ዘግቶ፣ ዘሬ የጠራ ነው ብሎ ይፎክራል። ፋጁ እንኳ ያለበት ዕዳ ሁሉ እያለበት እስከ ዛሬ አልፎከረም።